የመምህር ሣህሉ መዝገብ

በመኪና የሚመጣው የአዲስ አበባ ጋዜጣ አሰብ የሚደርሰው በታተመ በአራተኛው ቀን ነበር። ይህን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቀኑን እየቆጠረ ጽፎ ያስቀመጠው ግን መምህር ሣህሉ ብቻ ነው።

ሣህሉ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው። በ1968 ዓ.ም. የታሪክ አስተማሪ ሆኖ አሰብ ሲመደብ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከባለቤቱ ከዘሪቱ ጋር ሁለት ሻንጣ ይዘው መጡ፤ አንዱ ልብስ፣ አንዱ ወረቀት። ቀጭን ሰው ነው፤ ሲያስረዳ በጣቱ ይቆጥራል፤ አንደኛውን ሳይጨርስ ሦስተኛው ላይ ይደርሳል። ዩኒቨርሲቲ እያለ ሊጨርሰው ጥቂት የቀረው ጥናት ስለ ፈረንሳይ አብዮት ነበር። ጦርነቱ አይደለም የሚገርመው፣ የተቀላው አንገትም አይደለም፤ እሱ የሚፈልገው ወረቀቱን ነው። በራሪ ጽሑፍ ፓሪስ ላይ ታትሞ ገጠር የሚደርሰው በስንት ቀን ነው? የሚያደርሰው ማን ነው? ፊደል ላልቆጠረው ገበሬ የሚያነብለት ማን ነው? እሱስ ሰምቶ ለማን ያወራል? ይህን ሲለቅም የራሱ አገር አብዮት ደረሰበትና ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ታሪክ ሲያጠና ታሪክ ያዘው።

የዩኒቨርሲቲው ሽማግሌ አስተማሪው የነገሩትን አንድ ቃል ግን ይዞ ነው የወረደው። «ምንጩን ያልጻፈ ታሪክ ጸሐፊ ወሬኛ ነው» ብለውታል። ደግ ምክር ነው፤ ለሰላም ጊዜ።

አሰብ ያልጠበቀውን ሰጠችው። ፈረንሳይን በመጽሐፍ ከማሳደድ ይልቅ እዚሁ ቁጭ ብሎ የአገሩን አብዮት ወሬ በዓይኑ እያየ ሊመዘግብ ይችላል። ጋዜጣው፣ የማኅበራቱ መግለጫ፣ ማን እንዳተመው የማይታወቅ በራሪ ወረቀት፣ ሁሉም በአንድ መንገድ ብቻ ይገባል፤ ከባቲ በሚሌ፣ በኤሊዳር አድርጎ፣ በጭነት መኪና። ሣህሉ ያገኘውን ሁሉ ሰበሰበ። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር ስኳሩን ሣህን ላይ ገልብጦ ወረቀቱን ያስተካክላል። ከእያንዳንዱ ጀርባ በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ መቼ እንደደረሰ፣ ማን እንዳመጣው፣ ማን እንዳነበበው፣ ለማን እንደተነበበ ይጽፋል። ስም ከነአባት። ዘሪቱ ክሊኒክ የምትሠራ ድሬሰር ነች፤ ነገሩ ከመጀመሪያው አልጣማትም። የሰው ስም ምን ያደርግልሃል ስትለው፣ ያለ ስም ጥናቱ ተረት ይሆናል ይላታል። እንዴት ያለ የተማረ ሞኝ ነው! ስም የሚጽፍ ሰው በዚያ ዘመን ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንዱ እሱ ነው፣ ሌላውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ከስሞቹ ሁሉ የሚበዛው ደስታው የሚለው ነበር። ደስታው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ፊያት ከነተሳቢው ከወደቡ እስከ አዲስ አበባ ይነዳል። ዕድሜው ከሣህሉ በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጣል፤ ድምፁ ወፍራም፣ ሳቁ ከሞተሩ የማይተናነስ። ቤቱ ካምፖ ሱዳን የሚባለው የአሰብ ሰፈር ነው፤ ሚስቱ ጥላነሽ ትባላለች። ወረቀት የሚያመጣለት እሱ ነበር፤ ራሱ ግን ማንበብ አይችልም። አዲስ አበባ ላይ የታተመ ነገር ካየ ሁሉንም ይለቅምና ከመቀመጫው ሥር አድርጎ ይመጣል፤ ጎሚስታው ቤት አጠገብ መኪናውን ያቆምና በተሳቢው ጥላ ሥር ሣህሉ እስኪመጣ ይጠብቃል። ሣህሉ ያነብለታል። ደስታው ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፤ ያልገባውን ያስደግማል፤ ከዚያ ሁሉንም በቃሉ ይዞ ይሄዳል። ማንዳ ላይ ሻይ ሲጠጣ ያወራዋል፣ ሚሌ ላይ ያወራዋል፣ ባቲ ላይ ገበያ ያቆማል። ሣህሉ ይህን ሲረዳ ደስታ አሰከረው። ፈረንሳይ ውስጥ በመጽሐፍ ሲፈልገው የኖረው ሰው ይኸው ጎሚስታው ቤት ጥላ ሥር ተቀምጧል። የአሰብ ትልቁ ጋዜጣ ደስታው ነው ብሎ ለዘሪቱ ነገራት። የነገራት እየሳቀ ነበር።

በ1970 ሳቅ ቀረ። መምህራን ከክፍል እየተጠሩ ወጥተው የማይመለሱበት ጊዜ መጣ። በራሪ ወረቀት ይዞ መገኘት በነፍስ የሚያስጠይቅ ሆነ። ሣህሉ በወረቀት ሻንጣው ውስጥ አርባ ሦስት በራሪ ወረቀት ነበረው፤ ከጀርባቸውም የአሥራ ዘጠኝ ሰው ስም።

አንድ ሰኞ ደስታው ባዶ እጁን መጣ። ደሴ ላይ ቤት ለቤት አሰሳ ተጀምሯል፤ ሚሌ ኬላ ላይ የመኪናውን መቀመጫ ሳይቀር ነቅለው ፈትሸውታል። ሣህሉ ቤቱ ገብቶ ለዘሪቱ ነገራት። ዘሪቱ በርሜሉ ውስጥ ውኃ አለ፣ ሁሉንም ዛሬውኑ ነክረን እናላቁጠው አለችው። ውኃ በቦቴ በሚታደልባት አሰብ እንዲህ ስትል ነገሩ ምን ያህል እንዳስፈራት አስቡት። በእሳት እንዳይሆን ጭሱ ጎረቤት ይጠራል፤ አሰብ ውስጥ በላምባ ምድጃ እንጂ በእንጨት የሚያነድ ሰው የለም፣ በሙቀቱ የተነሳም ሰው ሁሉ ውሎ አዳሩ ግቢ ውስጥ ነው።

ሣህሉ ግን ሠንጠረዡን አወጣ። ሁለት ዓመት የሠራው ሠንጠረዥ ነው፤ ደሴ ላይ የሆነ ነገር አሰብ የሚደርሰው በስንተኛው ቀን እንደሆነ ያሳያል። በቀኝ ጣቱ ቆጠረ። እስከ ሐሙስ ጊዜ አለኝ አለ። እስከ ሐሙስ ድረስ ስሞቹን ብቻ በምላጭ ቆርጦ ያወጣል፣ ወረቀቶቹ ይተርፋሉ፣ ጥናቱም ይተርፋል። ዘሪቱ ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አለቀሰች። እሱ ምላጩን በማስመሪያ እየመራ እያንዳንዱን ወረቀት ከታች በቀጥታ መስመር ይቆርጥ ጀመር፤ የተቆረጠውን ቁራጭ እሷ እየተቀበለች ምድጃው ላይ ታቃጥለዋለች።

ወሬ በመኪና ይመጣል፤ ትዕዛዝ ግን በስልክ ነው የሚመጣው። ይህ በሠንጠረዡ ላይ አልነበረም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አሳሾቹ በሩን ሲያንኳኩ ገና ያልተቆረጡ ሦስት ወረቀቶች ቀርተው ነበር።

የመራቸው የቀበሌው ካድሬ ኃይለጊዮርጊስ ነው። ከአብዮቱ በፊት የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ አይጮህም፣ አይሳደብም፣ ጫማውን በር ላይ ጠርጎ ነው የገባው። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየ። ጠርዛቸው በማስመሪያ እንደተቆረጠ ልብ አለ። ተጨማዶ የተቀደደ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ያልፈው ይሆናል፤ እንዲህ በጥንቃቄ የተቆረጠ ነገር ግን የሚደብቀው ነገር አለ። ከዚያ ሦስቱን ያልተቆረጡትን አገኘ። በሁለቱ ጀርባ የነበረው ስም አገር ጥሎ የሄደ ሰው ስም ነው። በሦስተኛው ጀርባ ግን «ደስታው አመጣው። ለደስታው ተነበበለት። እሱም በመንገድ ላይ ከሃያ ለማያንስ ሰው አወራው» ይላል። ወረቀቱ የተከለከለ ድርጅት ወረቀት ነው። ሣህሉ ሲጽፈው ኮርቶበት ነበር፤ ከእርሳሱ በታች የሰው ነፍስ እንዳለ አልታየውም።

ሣህሉ ሦስት ቀን ከታሰረ በኋላ ኃይለጊዮርጊስ ቢሮው አስጠራው። ወንበር ሰጠው።

«ይሄን ሥራ ማን አስተማረህ?» አለው። ሣህሉ ስለ ጥናቱ፣ ስለ ፈረንሳይ፣ ስለ ወሬ መንገድ አስረዳው፤ በፍርሃት መካከልም ቢሆን ማስረዳት ይወዳል። ካድሬው እስኪጨርስ ሰማው።

«ጥሩ ሥራ ነው፤ ቀጥልበት። ቀበሌው የንባብ ክፍል ይከፍታል፤ ኃላፊው አንተ ነህ። ማን መጣ፣ ምን አነበበ፣ ሲያነብ ምን አለ፣ ልክ እንደዚህ ትጽፍልኛለህ። ይቺን ወረቀት እኔ እይዛታለሁ። አንተ ስትጽፍ እሷ ዝም ትላለች።»

ሣህሉ እምቢ የሚልበትን መንገድ ፈለገ። እምቢ ቢል ደስታው ይሞታል። እሺ ቢል የከተማውን ሰው ሁሉ ሊሸጥ ነው። እሺ አለ።

የንባብ ክፍሉ አንድ ጠረጴዛና ሁለት አግዳሚ ወንበር ነበረው፤ ግድግዳው ላይ ጺማቸው የረዘመ የውጭ አገር ሰዎች ሥዕል፣ በሩ ላይ ደግሞ ሀብቴ የሚባል የአብዮት ጥበቃ። ሀብቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ተቀመጥ ተብሎ የተቀመጠ ሰው ነው። ሣህሉ ከትምህርት ቤት እንደወጣ እዚያ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ቀን መዝገቡን ገልጦ ብዙ አሰበ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን አንባቢ ስም ጻፈና አጠገቡ «አነበበ፤ ምንም አላለም» ብሎ አሠፈረ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛውንም። ስለ ጦርነቱ የተራገመው፣ የዳቦ ሰልፉን የረገመው፣ ልጁ ዘምቶ የቀረበት አባት ጋዜጣው ላይ ያለቀሰው፣ ሁሉም አነበበ፣ ምንም አላለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ኃይለጊዮርጊስ መዝገቡን ተቀብሎ ይፈርማል። አንዳንዴ ለምን ሁሉም ዝም ይላል ይለዋል፤ ሣህሉም የአሰብ ሰው በሙቀቱ ምክንያት አፉን መክፈት አይወድም ይለዋል። ካድሬው ፈገግ ብሎ ይፈርማል። ሰው እንደሚጻፍበት ማወቁ ብቻ ለካድሬው ይበቃው ነበር።

ያ ምንጩን ሳይጽፍ የማይተኛ ሰው ስድስት ዓመት ሙሉ ሐሰት ጻፈ። እያንዳንዷ መስመር ታመዋለች። እያንዳንዷ መስመር ግን አንድ ሰው ከእስር ታድናለች ብሎ ራሱን ያጽናናል፤ እውነትም ነበር።

ከአሰብ መውጣት አልቻለም። ባሕሩ በአንድ በኩል፣ በረሃው በሌላ በኩል፣ መካከል ላይ ኬላ አለ፤ ኬላውን የሚያሳልፈው ወረቀት ደግሞ ከኃይለጊዮርጊስ ቢሮ ነው የሚወጣው። በየዓመቱ ጥናቴን ልጨርስ ብሎ ያመለክታል፤ በየዓመቱ የንባብ ክፍሉን ማን ይይዛል ይባላል። እናቱ ደብረ ማርቆስ ሲሞቱ ቴሌግራም ደረሰው። የይለፍ ወረቀት ለመነ፣ ተንበርክኮም ነበር ይባላል፤ አልተሰጠውም። እናቱን እዚሁ ግቢው ውስጥ፣ ምንጣፍ አንጥፎ፣ ብቻውን አለቀሰ። ለቅሶ የመጣው የዘሪቱ የሥራ ጓደኛ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ጆሮ ጠቢ ቤት አይገባም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ሣህሉ እንዲህ እንደሚባል ያወቀው የዚያን ቀን ነበር።

ዘሪቱ ለደስታው ንገረው እያለች ትወተውተው ነበር። ስምህ በእነሱ እጅ ነው፣ የምጽፈውም ላንተ ብዬ ነው፣ በለው ትለዋለች። ሣህሉ ግን ፈራ። ደስታውን ያውቀዋላ! የሰማውን ማንዳ ላይ ይጥለዋል፣ ባቲ ላይ ይዘራዋል። ምስጢሩ ከአፉ ከወጣ ኃይለጊዮርጊስ ጆሮ ሳይገባ አያድርም፤ ያኔ ደስታውም እሱም፣ ምንም አላሉም የተባሉትም ሁሉ ያልቃሉ። ዝም አይነቅዝም ብሎ ዝም አለ። ንባቡም በጥላው ሥር ቀረ። ደስታው ሁለት ሦስት ጊዜ ጠበቀው፤ ሣህሉ ሳይመጣ ሲቀር ነገሩን በልቡ ያዘው። መንገድ ላይ ሲገናኙ ጤና ይስጥልኝ ብሎ ያልፋል። ለባዕድ እንደሚሰጥ ሰላምታ።

በ1976 ሐምሌ ላይ ይርጋለም ታሰረ። ይርጋለም የወደብ ዕቃ ቆጣሪ ነው፤ የደስታው የልብ ወዳጅ፣ ልጁን ክርስትና ያነሳለት። የታሰረው በወደቡ ውስጥ በተነሳ ጠብ ነው፤ ነገር ግን ከመታሰሩ ሁለት ቀን በፊት የንባብ ክፍሉ ውስጥ ጋዜጣ ሲያነብ ታይቷል። ለከተማው ይህ በቂ ነበር። ሣህሉ ነው ያስበላው ተባለ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ደስታው የንባብ ክፍሉን በር ሞልቶ ገባ። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ሀብቴ በሩ ላይ ተቀምጦ በካርቶን ፊቱን ያራግባል። ደስታው ከሣህሉ ፊት ለፊት ተቀመጠና ጋዜጣውን ወደ ራሱ ሳበ፤ ጎንበስ ብሎ፣ ያ ወፍራም ድምፁ በጭንቅ እስኪሰማ ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«ድሮ የሚያነብልኝ ሰው ነበረኝ፤ አሁን ራሴ ላንብብ ብዬ ነው የመጣሁ። ጻፍ መምህር። ይርጋለም አራት ልጆች አሉት ብለህ ጻፍ። ደስታው እንዲህ ያለ ሰው የሚበላ መንግሥት አይቼ አላውቅም አለ ብለህ ጻፍ። የሚያበላው ደግሞ ከመንግሥቱ ይብሳል አለ ብለህ ጨምርበት።»

ሣህሉ፣ ጋሽ ደስታው፣ እኔ አይደለሁም ሊል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሀብቴ ግን ሹክሹክታውን አይቶ ካርቶኑን ጥሎ ተነስቷል፤ መጥቶ ከሣህሉ ትከሻ በላይ ቆመ። ሣህሉ ብዕሩን አነሳ። ቀኑን ጻፈ፣ የደስታውን ስም ጻፈ፣ አጠገቡም «አነበበ፤ ምንም አላለም» ብሎ ጻፈ። ሀብቴ በመሠረተ ትምህርት በተማረው ፊደል እየለቀመ አነበበው፤ ሲጨርስ ደህና ነው ለማለት ራሱን ነቀነቀ።

ደስታው ፊደሉን ባያውቅም የብዕሩን ጫፍ ሲከተል ነበር። ከዚያ የሀብቴ ራስ ሲነቀነቅ አየ። በመጨረሻ ሣህሉን አየው።

«ጨረስክ?» አለው።

«ጨረስኩ» አለ ሣህሉ።

ደስታው ተነስቶ ወጣ።

ሣህሉ ያን ቀን ቁርጡን አደረገ። ከእንግዲህ ይነግረዋል፤ ሚሌ ላይ ቢጮኸውም ይጩኸው። አመሻሹ ላይ ጎሚስታው ቤት ሲደርስ ግን መኪናው ጭኖ ወጥቷል። አራት ቀን ሄዶ አራት ቀን ይመለሳል ብሎ ቆጠረ። በስምንተኛው ቀን ሄዶ ጠበቀ፤ በዘጠነኛውም ሄደ። በአሥረኛው ቀን ወሬው ደረሰ። መኪናው በረሃው ላይ፣ ደባይሲማ ከሚባለው ቦታ አጠገብ፣ ከመንገድ ወጥቶ ቆሞ ተገኝቷል፤ ጭነቱ አልተነካም፣ ቁልፉም በቦታው ነው። ደስታው መንገድ የሚያሳየው አፋር ይዞ በእግሩ ወደ ጅቡቲ አቅጣጫ ሲሄድ ግመል ጠባቂዎች አይተውታል። ስሜ ተጽፏል፣ መያዜ ነው ብሎ ለአንድ ሾፌር ነግሮት ነበር። ሐምሌ ነው፤ በሐምሌ ያንን በረሃ በእግሩ የሚያቋርጥ ጥቂት ነው።

ኃይለጊዮርጊስ ሣህሉን ጠራው። መዝገቡ ላይ ምንም አላለም ይላል፤ ምንም ያላለ ሰው ለምን ይሸሻል ብሎ ጠየቀው። ሣህሉ አላውቅም አለ። አሁን ደስታው ከእጃቸው ወጥቷል፤ ያቺ ወረቀት ለማንም ምንም አታደርግም። ሣህሉ ግን አልተፈታም። ካድሬው የስድስት ዓመቱን መዝገቦች ከመደርደሪያው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸውና በእነዚህ ሁሉ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የማን ነው አለው። የራሱ የሣህሉ ነበር። ነገ በሰዓትህ ግባ ተባለ፤ ገባም።

በሳምንቱ ጥላነሽ መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ሀብቴ ሊከለክላት ተነሳና ፊቷን ሲያይ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ትንሽ ቆይቶም ወደ ውጪ ወጣ። ሣህሉ ቆሞ ተቀበላት፤ እትዬ ጥላነሽ ይቀመጡ አላት። አልተቀመጠችም።

«ባሌ ላይ የጻፉትን ያሳዩኝ» አለችው። «ተምሬያለሁ። ምስክር ወረቀት አለኝ።»

መዝገቡን ገልጦ አዞረላት። ጣቷን ፊደሉ ላይ አድርጋ አንድ በአንድ አነበበች። ደስታው። አነበበ። ምንም አላለም። ድጋሚ ከመጀመሪያው አነበበችው። ከዚያ ገጹን ወደ ኋላ ገለጠች፤ የጎረቤቶቿን ስም አየች፣ የይርጋለምን ስም አየች፤ ሁሉም ምንም አላሉም። ብዙ ገጽ ገለጠች። ሣህሉ ሁሉንም ነገራት፤ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ምላጩ፣ ስለ ካድሬው፤ አፉ አያርፍም ብዬ ፈርቼ ነው አላት። እያለቀሰ ነበር የነገራት።

ጥላነሽ አልተቆጣችም። መዝገቡን ዘጋችው።

«ይኼ ነገር ይድረሰው» አለች። «ካለም ይመለስ፤ ከሞተም ልወቅ። በማን ልላክለት?»

ሣህሉ አሰበ። መንገዱን የሚያውቅ፣ ኬላውን የሚያልፍ፣ ሰምቶ በየደረሰበት የሚያወራ ሰው ፈለገ። በአሰብ በኖረባቸው ስምንት ዓመታት እንደዚያ ያለ ሰው የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ደስታው ነበር።